በአደባባይ ንግግር ምሳሌን፣ አኃዝንና ስላይድን በአግባቡ ስለመጠቀም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሚከተሉት ጥያቄዎች ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ባሉ አዳራሾች ንግግር ለማድረግ የሚዘጋጁ ሰዎች በሥልጠና ላይ ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው።

ደጋፊ ማስረጃ የሚባለው ምንድን ነው?

ተናጋሪው የሚለውን ነገር አድማጩ እንዲረዳው፣ እንዲያምነውና እንዲያስታውሰው ብሎ የሚያቀርበው ሁሉ ደጋፊ ማስረጃ ነው። ምሳሌ፣ የሕይወት ገጠመኝ፣ አኃዝ፣ የባለሙያ ወይም የዐይን እማኝ ቃል፣ ንጽጽር፣ ተረትና ምሳሌያዊ አነጋገር፣ እንዲሁም በዐይን የሚታዩት ፎቶ፣ ካርታ፣ ግራፍና ቁሳቁስ በዚህ ስም ይጠቃለላሉ።

«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» የሚለው አባባላችን የማስረጃን ድርሻ በሚገባ ይገልጸዋል። ብርሌ ጠጁን አያጣፍጠውም፤ የጠራ ይሁን የደፈረሰ ግን ለሁሉም ያሳያል። ማስረጃም ያልበሰለን ሐሳብ አያበስልም፤ የበሰለው ሐሳብ እንዲታይ ያደርጋል እንጂ።

ከየት ልጀምር? ማስረጃ ከመሰብሰብ ወይስ ሐሳቡን ከመጻፍ?

ሐሳቡን ከመጻፍ ይጀምሩ። ብዙ ሰው ግን ተገላቢጦሹን ያደርጋል፤ ደስ ያሰኘውን ታሪክ፣ በቴሌግራም የደረሰውን ጥቅስና ያማረውን ፎቶ ከሰበሰበ በኋላ እነዚህን የሚያያይዝ ሐሳብ ፍለጋ ይገባል። እንዲህ ያለው ንግግር ሲደመጥ ያዝናናል፤ ነገር ግን አድማጩ ከአዳራሽ ወጥቶ ታክሲ ውስጥ «ምን አለ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የለውም።

በመጀመሪያ አድማጩ ይዞት እንዲሄድ የሚፈልጉትን አንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ቀጥሎ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ በአድማጩ ወንበር ተቀምጠው ራስዎን ይጠይቁ። «በምን ዐወቅህ?» የሚል ጥያቄ ከመጣ የሚያስፈልግዎት አኃዝ ወይም የእማኝ ቃል ነው። «ለምሳሌ?» የሚል ከሆነ ገጠመኝ ወይም ታሪክ ይፈልጉ። «እኔን በምን ይመለከተኛል?» የሚል ከሆነ ደግሞ ነገሩን ወደ አድማጩ ኑሮ የሚያቀርብ ንጽጽር ያስፈልጋል። ምንም ጥያቄ ካልመጣ ያለ ማስረጃ ይለፉት፤ ሰኞ ጠዋት ሜክሲኮ አደባባይ ላይ የታክሲ ሰልፍ እንዳለ ለአዲስ አበባ ሰው በጥናት ማረጋገጥ ጊዜ ማባከን ነው።

ለአንድ ነጥብ ስንት ማስረጃ ይበቃል?

አድማጩ አስቀድሞ ለሚቀበለው ነጥብ አንድ ምሳሌ ይበቃል። ለሚጠራጠረው ነጥብ ሁለት ያቅርቡ፤ ሁለቱ ግን የተለያየ ዓይነት ይሁኑ፤ ለምሳሌ አንድ አኃዝና አንድ ምስክርነት። ከዚያ በላይ ሲደረደር አድማጩ መቁጠር ይጀምራል፤ ተናጋሪውም ወደ ዋናው ሐሳብ የሚመለስበት መንገድ ይጠፋዋል። የጻፉትን ንግግር ሲያርሙ እያንዳንዱን ማስረጃ በተራ አውጥተው ያንብቡት፤ ነጥቡ ሳይጎድል ከቆመ ያወጡት ማስረጃ አይመለስ።

ታሪክ ይሻላል ወይስ ቁጥር?

ታሪክ ብቻውን ሲቀርብ አድማጩ «ይህ የአንድ ሰው ዕጣ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ቁጥር ብቻውን ሲቀርብ ደግሞ «እሺ» ብሎ ይረሳዋል። ስለዚህ ሁለቱን ማገናኘት ይገባል፤ እኔ የምመርጠው ቅደም ተከተል አንድን ሰው አስቀድሞ ማሳየት፣ ከዚያም እንደ እርሱ ያሉት ስንት እንደሆኑ መናገር ነው።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ፣ በመንግሥታት ማኅበር ፊት በአማርኛ ያደረጉት ንግግር ለዚህ የማውቀው ከሁሉ የበለጠ ትምህርት ነው። ጣሊያን የመርዝ ጋዝ መጠቀሟን ብቻ ተናግረው ቢያልፉ ኖሮ ነገሩ ተራ ክስ ሆኖ ይቀር ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ግን በአውሮፕላኖች ላይ መርጫ መገጠሙን፣ አውሮፕላኖቹም 9፣ 15 እና 18 እየሆኑ ተከታትለው በመብረር የሚለቁት ጉም ሳይቆራረጥ እንደ አንድ ሸማ እንዲዘረጋ መደረጉን አስረዱ። ከዚያም መርዙ የዘነበበትን ዘረዘሩ፦ ወታደሩን፣ ሴቶቹን፣ ሕፃናቱን፣ ከብቱን፣ ወንዙን፣ ሐይቁን፣ የግጦሹን መስክ። ቁጥሩ ድርጊቱ በዕቅድ የተፈጸመ መሆኑን ያሳያል፤ ዝርዝሩ ደግሞ ያ መሬት የገበሬና የእረኛ መኖሪያ እንደነበረ ያሳያል። ተናጋሪው ከጦር ግንባር የመጡ መሆናቸው ሲታከልበት አኃዙ፣ ሥዕላዊው መግለጫና ምስክርነቱ በአንድ አንደበት ተገናኙ።

ማኅበሩ ሳምንታት እንኳ ሳይቆይ በጣሊያን ላይ የጣለውን ማዕቀብ ለማንሣት ወሰነ። ማስረጃ ምንም ያህል ቢጠነክር መስማት የማይፈልግን ጉባኤ አያስገድድም፤ ከዚያ ጉባኤ ዛሬ በዓለም የሚታወሰው ግን ያ ንግግር ነው።

ትልቅ ቁጥር አድማጭ እንዲገባው እንዴት ላቅርበው?

አድማጩ በእጁ ወደሚያውቀው መለኪያ ይለውጡት። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ሐይቅ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል ሲባል አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው «ብዙ ነው» ከማለት በቀር በልቡ የሚስለው ነገር የለም። አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ነው፤ የአገሩን ሕዝብ 120 ሚሊዮን አድርገን ብናካፍል ለአንድ ሰው ከ600,000 ሊትር በላይ ይደርሳል፤ ይህም በባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን ሲሰፈር ከ30,000 ጀሪካን ያልፋል። ውኃ በፈረቃ የሚመጣለት የከተማችን ሰው ጀሪካን ሲባል ክብደቱ ትከሻው ላይ ይሰማዋል። ስሌቱን ሲያቀርቡ ግን የተነሡበትን ግምት አብረው ይናገሩ፤ እዚህ ላይ 120 ሚሊዮን የሚለውን ማለት ነው።

በቃል ለሚነገር ንግግር ቁጥሩን ማጠጋጋት ተገቢ ነው። በ1999ኙ ቆጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ 2,739,551 ነበር ብሎ ማንበብ ለጽሑፍ ይስማማል፤ በመድረክ ላይ ግን «2.7 ሚሊዮን ገደማ» ብለው ለአፍታ ጸጥ ይበሉ፤ አድማጩ ቁጥሩን የሚያስበው በዚያች ጸጥታ ውስጥ ነው።

ከኢንተርኔት ወይም ከመሥሪያ ቤት ሪፖርት የወሰድኩትን አኃዝ ስጠቀም ምን ልጠንቀቅ?

ከሁሉ አስቀድሞ ዘመን አቆጣጠሩን ይመልከቱ። በእኛና በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ስላለ፣ «2016» የሚለው ቁጥር ያለ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ሲነገር ግማሹ አድማጭ አንዱን፣ ግማሹ ሌላውን ይረዳል። በጀት ዓመት ደግሞ ከሐምሌ 1 ቀን እስከ ሰኔ 30 ቀን የሚቆጠር በመሆኑ፣ የ2016 በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። አንድን የበጀት ዓመት አኃዝ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ከተሰበሰበ ሌላ አኃዝ ጋር የሚያወዳድር ተናጋሪ፣ ዐዋቂ አድማጭ በአንድ ጥያቄ ሊያፈርሰው የሚችል ንጽጽር ይዞ መቆሙን ይወቅ።

ሁለተኛው የሕዝብ ብዛት ነው። አገር አቀፍ ቆጠራ የተካሄደው ለመጨረሻ ጊዜ በ1999 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ከዚያ ወዲህ የሚነገረው ቁጥር ሁሉ ትንበያ ነው፤ «ይገመታል» የምትለዋን ቃል አይተዉ። ሦስተኛው በመቶኛ ነው። ከ100 ሰው 10 የነበረው 15 ሲሆን፣ አንዱ ተናጋሪ «በ5 ነጥብ አደገ» ሌላው «በ50 በመቶ አደገ» ይላል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አድማጩ ግን ሁለት የተለያየ ነገር ሰምቶ ይወጣል። ስለዚህ መነሻውንና መድረሻውን ራሱን ይናገሩ።

ተረትና ምሳሌያዊ አነጋገር ንግግሬን ያጠናክረዋል?

በቦታው ከገባ ያጠናክረዋል። ሆኖም ምሳሌያዊ አነጋገር ያስማማል እንጂ አያረጋግጥም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚል ተናጋሪን ሌላው ተነሥቶ «ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው» ሊለው ይችላል፤ ሁለቱም የአባቶች ቃል ናቸው። ስለዚህ ማስረጃውን አስቀድመው ካቀረቡ በኋላ ምሳሌውን እንደ ማሰሪያ ይጠቀሙበት፤ በማስረጃው ምትክ አያቁሙት።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እና «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ» የሚሉት በየስብሰባው ከመደጋገማቸው የተነሣ ተናጋሪው ሲጀምራቸው አድማጩ በልቡ ይጨርሳቸዋል፤ ጆሮውም በዚያው ይዘጋል። ከአያትዎ የሰሙት፣ በየመድረኩ ያልተዘወተረ አንድ አባባል ከእነዚህ ይበልጣል። እንደ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ያሉት ደግሞ በግማሹ አድማጭ ላይ የሚያርፉ ስድቦች ናቸው፤ ዕድሜያቸው ክብር አይሰጣቸውም። በተጨማሪም አዲስ አበባ ውስጥ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ብዙ አድማጭ ስላለ፣ ሰምና ወርቅ ያለው ንግግር ከተጠቀሙ ወርቁን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይግለጡት።

የሌላ ሰው ቃል ስጠቅስ ምንጩን በቃል እንዴት እናገራለሁ?

ስሙን፣ ከጉዳዩ ጋር የሚያገናኘውን ሙያ ወይም ኃላፊነትና የተናገረበትን ጊዜ ከጥቅሱ በፊት በአንድ ዐረፍተ ነገር ይናገሩ። አድማጭ የትእምርተ ጥቅስ ምልክት አይታየውም፤ ስለዚህ ከጥቅሱ በፊት ጥቂት ቆም ይበሉ፤ ሲጨርሱም «እስከዚህ የእርሳቸው ቃል ነው» ቢሉ አያስነቅፍም። ጥቅሱ ከሁለት ዐረፍተ ነገር ከረዘመ ፍሬ ነገሩን በራስዎ ቃል ያቅርቡት። የውጭ አገር ሰው ቃል ከሆነ በቀጥታ በአማርኛ ይናገሩት፤ በእንግሊዝኛ አንብቦ መተርጎም አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ማስደመጥ ነው።

በማኅበራዊ ሚዲያ ከፎቶ ጋር የሚዘዋወሩ የአርስጣጣሊስ፣ የማንዴላና የዐፄ ምኒልክ «ጥቅሶች» ብዙዎቹ የት እንደተነገሩ አይታወቅም። የት፣ መቼ እንደተነገረ ማግኘት ካልቻሉ ይተዉት፤ ሐሳቡ ጥሩ ከሆነ በራስዎ አንደበት ሲነገርም ጥሩ ነው። በአንድ ሙያ የታወቀ ሰው በሌላው ሙያ እማኝ እንደማይሆንም ያስታውሱ።

ስላይድ የግድ ያስፈልጋል? ካስፈለገስ ምን ያህል ጽሑፍ ይኑረው?

የግድ አይደለም። ስላይድ የሚያስፈልገው በቃል ሊነገር የማይችል ነገር ሲኖር ነው፤ ካርታ፣ የሕንፃ ንድፍ፣ በጊዜ ብዛት የተለወጠ ነገር፣ የሁለት ፎቶዎች ንጽጽር። የሚናገሩትን ዐረፍተ ነገር ሁሉ ግድግዳው ላይ ከጻፉት አድማጩ ከእርስዎ ፈጥኖ አንብቦ ይጨርስና ይጠብቅዎታል።

ፊደላችን የራሱ የሆነ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የ«ሉ» እና የ«ሊ» ልዩነት አንዲት ቅጥያ ከመሃል ወይም ከታች መሆኗ ብቻ ነው፤ ይህች ቅጥያ ከኋላ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ቶሎ ትጠፋለች። ስለዚህ የፊደሉን መጠን ከ30 ነጥብ (ፖይንት) በታች ባያደርጉ፣ በደበዘዘ ቀለምም ባይጠቀሙ እመክራለሁ። ከተቻለ አስቀድመው አዳራሹ ድረስ ሄደው ከመጨረሻው ረድፍ ያንብቡት።

ፎንቱንም አደራ። ከዓመታት በፊት አራት ኪሎ አካባቢ በነበረ አንድ መድረክ ላይ፣ በአሮጌ የግዕዝ ፎንት የጻፍኩትን ስላይድ በፍላሽ ይዤ ሄጄ በአዳራሹ ኮምፒውተር ስከፍተው አማርኛው በሙሉ ትርጉም ወደሌለው የላቲን ፊደል ተለውጦ ጠበቀኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የነበረው የሟች መምህራችን ስም እንኳ የቅንፍና የነጠላ ሰረዝ ክምር ሆኖ ነበር፤ ልጃቸው ፊት ለፊት ተቀምጣ ነበር፤ ያን ቀን አልረሳውም። አሁን በዩኒኮድ ፎንት ብቻ እጽፋለሁ፤ ፋይሉንም ወደ ፒዲኤፍ ለውጬ ሁለተኛ ቅጂ እይዛለሁ። ሌላም ጠቃሚ ነገር አለ፤ በፓወርፖይንት ስላይድ እየታየ ሳለ የእንግሊዝኛዋን «ቢ» ቁልፍ ቢጫኑ ሰሌዳው ይጠቁራል፤ የሁሉም ዐይን ወደ እርስዎ ይመለሳል።

ቁሳቁስ ይዞ መድረክ ላይ መውጣት ይቻላል?

ይቻላል፤ ብዙ ጊዜም ከፎቶ ይበልጣል። አንድ ወጣት በሰፈር ስብሰባ ላይ ስለ ውኃ እጥረት ሲናገር ውኃ የሞላበት ቢጫ ጀሪካን በጨርቅ ሸፍኖ ከጠረጴዛው ሥር አስቀምጦ ነበር። ስለ እናቱ ተናግሮ ወደ ነጥቡ ሲደርስ ጨርቁን ገለጠና ከፊት የተቀመጡትን አንድ አባት «አባቴ፣ እስቲ ያንሡልኝ» አላቸው። እሳቸውም አንድ ጊዜ ሞክረው፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው እንደገና በሁለት እጅ ያዙት፤ ጀሪካኑ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ብቻ ተነሣ። 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ነው፤ ወጣቱ ይህን መናገር አላስፈለገውም። «እናቴ ይህን በቀን ሦስት ጊዜ ትሸከማለች» ብቻ አለ።

ልብ ይበሉ፤ ጀሪካኑ እስከ ሰዓቱ ድረስ ተሸፍኖ ነበር። አስቀድሞ የታየ ዕቃ አድማጩን ሲያስገምተው ይቆያል። ዕቃ በወንበሮች መካከል እንዲዘዋወርም አያድርጉ፤ ዕቃው እጁ የገባ ሰው ሁሉ ለዚያች ደቂቃ ጆሮው እርስዎ ዘንድ የለም። የያዙት ቅጂ ከሆነ ቅጂ መሆኑን ይናገሩ፤ የድንቅነሽ ቅሪተ አካል ቅጂ በብሔራዊ ሙዚየም ሲታይ ቅጂ በመሆኑ ክብሩ አልቀነሰም።

መብራት ቢጠፋስ?

እንደሚጠፋ ቆጥረው ይዘጋጁ። ዋና ዋናዎቹን አኃዞችና የንግግሩን ቅደም ተከተል በአንድ ወረቀት ላይ በእጅዎ ይጻፉ፤ አስፈላጊ ካርታ ወይም ግራፍ ካለ ጥቂት ቅጂ አትመው ይያዙ። ጄኔሬተር እስኪነሣ ይቅርታ እየጠየቁ አይጠብቁ፤ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ይቀጥሉ።

ምንጮች የማይስማሙበት አኃዝ ሲገጥመኝ የትኛውን ልጥቀስ?

አለመስማማቱን ራሱን ይናገሩ። ስድስት ኪሎ ያለው የሰማዕታት ሐውልት የሚያስታውሰው የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ ለዚህ ከባድ ምሳሌ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ያቀረበው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው፤ የታሪክ ተመራማሪው ኢያን ካምፕቤል ባደረጉት ጥናት 19,000 ገደማ ብለው ገምተዋል፤ የጣሊያን ወገን ደግሞ ከሁለቱም እጅግ ያነሰ ቁጥር ይዞ ቆይቷል። ከፍተኛውን መርጦ በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው ለሟቾቹ የቆመ ይመስለዋል፤ ነገር ግን አንድ ጠያቂ ሌላውን ቁጥር ሲያነሣ ውይይቱ ከጭፍጨፋው ወደ ተናጋሪው ታማኝነት ይዞራል። «የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 ብሏል፤ ዝቅ አድርገው የገመቱ ተመራማሪም በሦስት ቀን ውስጥ ወደ 19,000 ሰው መገደሉን ጽፈዋል» ቢሉ ግን ነጥቡ አንዳች አይጎድልበትም፤ ሊያነቃንቀው የሚችልም የለም።

የተቸገረ ሰው ታሪክ ወይም ፎቶ መጠቀም ተገቢ ነው?

ባለቤቱ ካወቀና ከፈቀደ ብቻ። ፈቃድ ስንል ደግሞ «ስለ አንተ እናገራለሁ» ማለት ብቻ አይደለም፤ ምን እንደሚባል፣ የት እንደሚባልና ንግግሩ ተቀርጾ እንደሚሠራጭ ማስረዳት ነው። ከተማችን ሰፊ ብትመስልም በእድርና በማኅበር የተሳሰረች ናት፤ ስሙን ለውጠው ሰፈሩን፣ ሥራውንና የልጆቹን ብዛት ከተናገሩ ጎረቤቱ ያውቀዋል። የሕፃናትንና የሕሙማንን ፎቶ እኔ በስላይድ ላይ አላሳይም፤ በቃል በደንብ የተነገረ ታሪክ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ የሰውየውም ፊት ለራሱ ይቀራል።

ሐሳቤን የሚቃወም ማስረጃ ባገኝ ወይም አድማጭ ቢሞግተኝ ምን ላድርግ?

ተቃራኒውን ማስረጃ ራስዎ ያንሡት። በጥንቱ «ተጠየቅ» ሙግት ተከራካሪው ከባለጋራው ፊት ቆሞ ለሚቀርብለት ጥያቄ መልስ መስጠት ነበረበት፤ ዛሬም ቢሆን አድማጩ በልቡ «ተጠየቅ» እያለ ነው። «ይህን የሚቃወም አኃዝ አለ፤ አኃዙ የሚለው እንዲህ ነው፤ እኔን ያላሳመነኝም በዚህ ምክንያት ነው» የሚል ተናጋሪ ለጠያቂው የሚተርፈውን ጥያቄ አስቀድሞ መልሶታል። ተቃራኒው ማስረጃ ጠንክሮ ካሳመንዎት ግን የሚለወጠው ንግግሩ ነው፤ ማስረጃውን መደበቅ አይገባም።

በጥያቄና መልስ ጊዜ ምንጭ ሲጠየቁ በወረቀትዎ ላይ ከየአኃዙ ጎን የጻፉትን ያንብቡ፤ የሪፖርቱን ስም፣ ዓመተ ምሕረቱን፣ ገጹን። ከሌለዎት «አሁን በእጄ የለም» ይበሉና የጠያቂውን ስልክ ተቀብለው በማግስቱ ይላኩለት። ፈልገው ካጡትም ደውለው ማጣትዎን ይንገሩት፤ አኃዙንም ከሚቀጥለው ንግግርዎ ያውጡት።